ከመስጂዱ ጣሪያ ላይ ያየነው ሶላር



ባለፈው የትምህርት ቤት ዕረፍት ከሁለት መምህራን ወንድሞቻችን ጋር ሆነን በአዳማ በኩል ወደ አርሲ ገጠር ተጉዘን ነበር። አዳማ ስንደርስ ከኮረብቶቹ ላይ የነፋስ ተርባይኖች ክንፎቻቸውን ሲያሽከረክሩ አየን። በ2004 ዓ.ም. የተመረቁት 34ቱ 51 ሜጋ ዋት፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቁት 102ቱ ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ከዚያው ብዙም ሳይርቅ አዋሽ የተገደበበት የቆቃ የኃይል ማመንጫ ይገኛል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። አልሐምዱሊላህ! አገራችን ውኃም፣ ነፋስም፣ ፀሐይም አልተነፈገችም።

ከዋናው መንገድ ወጥተን ከአንድ ሰዓት በላይ በእግር ከተጓዝን በኋላ ወደ አንድ መንደር ደረስን። ከፍተኛ ኃይል ተሸካሚው ሽቦ ከመንደሩ አጠገብ ያልፋል፤ ቤቶቹ ግን ጨለማ ናቸው። በዚያ ሽቦ የሚያልፈው ኃይል መጠኑ ካልተቀነሰ፣ ትራንስፎርመርና ምሰሶ ካልተተከለ ወደ ቤት አይገባም። ይህ ደግሞ ተበታትኖ ለሚኖር ገበሬ ብዙ ወጪ ይጠይቃል።

መግሪብን ሰግደን እንደጨረስን ሕፃናቱ ለውሃቸውን ይዘው በአንዲት ኩራዝ ዙሪያ ተቀመጡ። የላምባው ጭስ ያስላቸዋል፤ ከኋላ ያሉት ፊደሉን ለማየት አንገታቸውን ይሰግጋሉ። እኛ ግን ስንገባ ከመስጂዱ ጣሪያ ላይ ሶላር አይተን ነበርና፣

«ሸሃችን፣ ሶላሩ አይሠራም እንዴ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ልጆቼ፣ ደግ ሰዎች ናቸው ያስተከሉልን፤ አላህ ይቀበላቸው። ሦስት ዓመት አበራልን። ከዚያ ባትሪው ሞተ» አሉን።

ነገሩን ስናጣራ ሶላሩ ደህና ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ ሊያገለግል ይችላል። ባትሪው ግን ዕድሜው አጭር ነው። በየሌሊቱ እስኪያልቅ ድረስ ከተሠራበት ደግሞ ቶሎ ይሞታል። የድምፅ ማጉያውም፣ የመንደሩ ሰው ስልክም ከእርሱው ላይ ነበር። ለመለወጫው ያስቀመጠ ሰው አልነበረም።

በዚህ ጊዜ አፈርን። እኛም ከዓመታት በፊት ለሌላ መንደር ሶላር አዋጥተን፣ ሲመረቅ ፎቶ ተነሥተን ተመልሰናል። ከዚያ ወዲያ ይብራ ይጥፋ አልጠየቅንም። ለመትከል ሮጠን፣ አማናውን ረሳነው።

በማግሥቱ ከሱብሒ በኋላ ጀመዓው ተመካከረ። ከአዲሱ ባትሪ ዋጋ ግማሹን እኛ፣ ግማሹን መንደሩ እንዲሸፍን ተስማማን። ከእንግዲህ ስልክ የሚሞላ ሰው ጥቂት ሳንቲም ይከፍላል፤ ገንዘቡንም ሁለት የታመኑ ሰዎች ይይዙታል። ማታ ማታ ደግሞ መብራቱ ቅድሚያ ለቂርኣቱ ይሆናል።

ውድ አንባብያን! ሰደቀቱል ጃሪያ ማለት የማይቋረጥ ምጽዋት ማለት ነው። በሦስተኛው ዓመት የጠፋ መብራት እንዴት «ጃሪያ» ይባላል? ለሶላር ስናዋጣ ለባትሪውም እናስቀምጥ፤ የሚጠብቀውን ሰው እናሠልጥን፤ ከዓመት በኋላም ሄደን እንጠይቅ። ሱረቱ ኑሕ ውስጥ ፀሐይ «ሲራጅ»፣ ማለትም መብራት ተብላለች። አላህ መብራቱን በነፃ ሰጥቶናል፤ ለሕፃናቱ እስከ ሌሊት ማቆየት የእኛ ድርሻ ነው።

አላህ ያግራልን።