ሁለቱ ቀዳዳዎች

መካኒክ አይደለሁም። ያለኝ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ነው፤ እሱ ደግሞ ብሎን አይፈታም። ሆኖም በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሁለት ተከታታይ ቅዳሜ ከአንዲት አሮጌ ኮሮላ የኋላ ጎማ ሥር ተጋድሜ ዋልኩ። ነገሩ ከመኪና አልፎ ሌላ ነገር ስለነካብኝ ለአንባቢ ላጫውት።

መኪናዋ የአባቴ ናት። የአዲስ አበባ ሰው «ዲኤክስ» እያለ ከሚጠራቸው አንዷ ስትሆን፣ ጉለሌ ግቢያችን ውስጥ ከ2012 ዓ.ም. ሐምሌ ጀምሮ ሸራ ለብሳ ቆማለች። አባቴ ያን ዕለት አቆማት፤ የእጅ ፍሬኑን ስቦ ወረደ፤ ከዚያ በኋላ አልነዳትም። በ2013 ዓ.ም. አረፈ። እናቴ «ትሸጥና የቤቱ ቆርቆሮ ይቀየር» ማለት ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ደላላው መጥቶ ቢገፋት የግራ የኋላ ጎማዋ አልዞር አለ። «እናቴ፣ ጎማው ካልዞረ እኮ ብረት ናት» ብሎ የብረት ዋጋ ጠራ። እናቴ ምንም ሳትመልስ ወደ ቤት ገባች። እኔም «ቆይ፣ እኔ እፈታዋለሁ» አልኩ።

ጎማውን የያዘው የፍሬኑ ታምቡር ነው። ታምቡር ማለት ከጎማው ጀርባ ያለ፣ ድስት የመሰለ ብረት ነው። በውስጡ ሸራ የለበሱ ሁለት የጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ብረቶች አሉ፤ ፍሬን ሲረገጥ ወይም የእጅ ፍሬን ሲሳብ ወደ ጎንና ጎን ተከፍተው የድስቱን የውስጥ ግድግዳ ይጫኑታል። አምስት ክረምት በዚያው እንደተጫኑ ከቆዩ፣ እርጥበትና ዝገት ሸራውንና ብረቱን አንድ አካል ያደርጋቸዋል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ጎማውን ፈትቼ ማውጣቱ አላስቸገረኝም። ታምቡሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ነጭ ጋዝ አፈሰስኩበት፤ ጠበቅሁ፤ ከዚያ መዶሻ አነሳሁ። ታምቡሩም እንደ ስሙ ሰፈሩን ሁሉ እስኪያሰማ ጮኸ። እስከ ማታ ስደበድብ ውዬ ያተረፍኩት የተላጠ እጅ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ጎረቤታችን መናገር አለብኝ። ከግንባችን ወዲያ የሚኖሩት ሽማግሌ ዕድሜ ልካቸውን በጋራዥ የኖሩ መካኒክ ናቸው። በ2006 ዓ.ም. ክረምት በአንድ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ከአባቴ ጋር ተጣሉ። ማን ልክ እንደነበረ ዛሬ ላስረዳ ብል አልችልም። ቦዩ ከዓመት በኋላ በመንገድ ሥራ ተደፈነ፤ ጠቡ ግን አልተደፈነም። አባቴ ሲሞት ሦስቱንም ቀን መጥተው ከድንኳኑ ጫፍ ተቀመጡ፤ ማንንም ሳያናግሩ መጡ፣ ማንንም ሳያናግሩ ሄዱ። እኛም አባታችን ያልፈታውን እኛ አንፈታም ብለን ይመስለኛል፣ በዚያው ቀረን።

ሁለተኛው ቅዳሜ መዶሻውን ሦስቴ እንዳሳረፍኩ ከግንቡ ወዲያ ድምፅ መጣ።

«በመዶሻ አይደለም!»

እጄ አየር ላይ ቀረ። ዝም ብዬ መቀጠል እችል ነበር፤ አባቴ ቢሆን ይቀጥል ነበር። «ታዲያ በምንድን ነው ጋሼ?» አልኩ።

ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ «የእጅ ፍሬኑን ለቀኸዋል?» አሉኝ።

አልለቀቅሁም። መኪናዋ እንዳትንሸራተት ብዬ አባቴ እንደሳበው ትቼዋለሁ። ይህንኑ ስነግራቸው «ፍሬን ይዘህ ፍሬን ልትፈታ?» ብለው ሳቁ። እናቴ ከማድ ቤት ብቅ አለችና «ምን በግንብ ያነጋግራችኋል? በበር ይግቡ እንጂ!» አለች።

በበር ገቡ። በብብታቸው የብስኩት ቆርቆሮ ይዘዋል። መጀመሪያ ያዩት ታምቡሩን ሳይሆን ክሪኩን ነው። «ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ ማቆሚያ አይደለም፤ ተንሸራቶ ሰው ይጨርሳል» ብለው ከሥሯ ጠንካራ የብረት ማቆሚያ አስገቡ፤ የፊት ጎማዎቿን በድንጋይ አስደገፉ። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ለቀቅሁ። አባቴ የሳበውን መልሼ ማውረዴ እንዲህ ያስጨንቀኛል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ካቦው ዝጎ ስለነበር እሱንም በዘይት እያላሉ መለሱት።

ቀጥለው የታምቡሩን ፊት በሽቦ ብሩሽ ፈተጉት። ከዝገቱ ሥር ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ብቅ አሉ፤ ትይዩ ናቸው፤ ውስጣቸው የብሎን ጥርስ አለው።

«ይኸውልህ። የሠራው ሰው እንደሚጣበቅ ያውቅ ነበር።»

ከቆርቆሯቸው 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ብሎኖች አውጥተው ዘይት ቀቧቸውና በየቀዳዳው አስገቡ። ብሎኖቹ ሲጠብቁ ጫፋቸው ከኋላ ያለውን ብረት ይገፋል፤ ታምቡሩም ቀጥ ብሎ ይወጣል። ምስጢሩ እኩል ማዞሩ ላይ ነው፤ ግማሽ ዙር ከዚህ፣ ግማሽ ዙር ከዚያ። አንዱን ብቻ ካጠበቁት ታምቡሩ ይጣመማል፣ ጥርሱም ይበላል። ታምቡር ቀልጦ የተሠራ ብረት ስለሆነ እንደ ሸክላ ነው፤ በመዶሻ ሲመታ ሳይታጠፍ ይሰነጠቃል። የብዙ የጃፓን መኪናዎች የፊት ፍሬን ዲስክም እንዲሁ ሁለት ቀዳዳ አለው አሉኝ።

አምስተኛው ዙር ላይ «ቷ!» አለ። ጣት ያህል ወጣና ደግሞ ቆመ። ሸራው ዓመታት የፋቀው ግድግዳ ጎድጉዶ፣ ዳር ዳሩ ከንፈር አውጥቶ ኖሮ ሸራዎቹን ይዟቸዋል። ከኋላ ባለችው ክፍተት ካቻቪቴ አስገብተው የማስተካከያዋን ጥርሳም መዘውር እየቆጠሩ አዞሩ፤ ሸራዎቹ ወደ ውስጥ ተሰበሰቡ። ታምቡሩ እጄ ላይ ወደቀ።

በደስታ ብናኙን እፍ ልል ስል አፌን በእጃቸው ያዙኝ። የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ነበረበት፤ ብናኙ ሳንባ ገብቶ ይቀራል፤ ከብዙ ዓመት በኋላም ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። «እኛ በኮምፕሬሰር ስንነፋው ነው የኖርነው፤ የነገረን የለም» አሉና ጨርቅ በውኃ አርሰው ጠረጉት።

ከዚያ ታምቡሩን ወደ ብርሃን አዞሩት። ዳሩን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። እኔ ከመታሁበት አጠገብ ሌላ የመዶሻ ጠባሳ አለ፤ ያረጀ፣ ዝገት የሸፈነው።

«ይሄ ያንተ አይደለም» አሉ። «የአባትህ ነው። አንድ እሑድ ሙሉ ሲደበድብ ዋለ። እዚያ ተቀምጬ እሰማው ነበር። በመዶሻ አይደለም ማለት ያቃተኝ ሰው ነኝ።»

የምመልሰው አጣሁ። አባቴም እንደኔ ደብድቧል፤ መፍትሔውን የሚያውቀው ሰው ከአንድ ግንብ ወዲያ ተቀምጦ። አንዱ አልጠየቀም፣ አንዱ አልተናገረም። ሁለቱም ልክ እንደሆኑ ሞት መጣ። ጃፓን ያለው ሠሪ ብረቱ ገና አዲስ ሳለ መለያያውን አብሮ ቀዳለት። እኛ ግን ስንጋጠም መላቀቂያውን ማን ያስባል?

እናቴ ቡና አፈላች፤ እስከ ሦስተኛው ተቀመጡ። የቀኙን ታምቡር በማግሥቱ ብቻዬን በግማሽ ሰዓት አወጣሁት። የተቀመጠበትን ብረት ዝገቱን ፍቄ ስስ ግሪስ ቀባሁት፤ ሸራው ጋ እንዳይደርስ ተጠንቅቄ። መኪናዋ በጥር ተሸጠች፤ ቆርቆሮውም ከክረምት በፊት ተቀየረ።

ያን ቅዳሜ ሲወጡ «ስትጨርስ ብሎኖቼን መልስልኝ» ብለውኝ ነበር። በጨርቅ ጠቅልዬ በራቸውን አንኳኳሁ። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ያን በር ከእኛ ቤት ያንኳኳ ሰው አልነበረም።