አጭር መብራት

ሞተር አለህ እንበል። ባይኖርህም ከኋላ ትቀመጣለህ፤ ቢጠና ውስጥ ወጣት ሆኖ ከሞተር ጋር ሳይነካካ የሚከርም ሰው ብዙ አላውቅም። ከመዘምራን ልምምድ ስንመለስ፣ ከአዳር ጸሎት ስንወጣ፣ ለጊፋታ ዘመድ ልንጠይቅ ስንወርድ፣ ሶዶ ሄደን ሲመሽብን፣ ሁሉም በሞተር ነው። ሰሞኑን ደግሞ ወሬው ሁሉ ስለ ነጭ መብራት ሆኗል። “ኤልኢዲ አስገባህ?” ይባባላሉ። አንዱ ያስገጥማል፣ በሳምንቱ ሦስቱ ይከተሉታል። ማታ ፕሮግራም አልቆ ሞተሮቹ ሲነሱ የቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ፓውዛ የተተከለበት ኳስ ሜዳ ይመስላል።

አንተም ልታስገጥም አስበህ ከሆነ፣ አትግዛ ልልህ አይደለም። እኔም በሌሊት እነዳለሁ፤ ጨለማው ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነዳ በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ትሄዳለህ። መንገዱ ላይ ያለውን ነገር አይተህ፣ ለይተህ፣ ፍሬኑን እስክትይዝ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅብህ 25 ሜትር አልፈሃል። ከዚያ በደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም ሌላ 20 ወይም 25 ሜትር ትፈልጋለህ፤ በጠጠርና በጭቃ ላይ ደግሞ ከዚህም ይረዝማል። እንግዲህ 50 ሜትር ላይ የቆመ ጭነት የያዘ አህያ ካልታየህ፣ ሲታይህ ጊዜው አልፏል ማለት ነው። መብራት የሚፈልግ ሰው ምክንያት አለው።

ይሁን እንጂ ብርሃን ቶሎ የሚያልቅ ነገር ነው። ሁለት እጥፍ ርቀት ለማየት ሁለት እጥፍ ብርሃን አይበቃም፤ አራት እጥፍ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ፍጥነትህን ከ60 ወደ 40 ብትቀንስ ለመቆም የሚያስፈልግህ መንገድ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ ከ30 ሜትር በታች ይሆናል ማለት ነው። ለዚህ ደግሞ አንድ ሳንቲም አታወጣም። መለዋወጫ ቤት ግን ይህንን ማን ይነግርሃል!

ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ደግሞ ያለህን መብራት ተመልከተው። ብዙዎቻችን የምንነዳቸው ከህንድ የመጡት ትንንሽ ሞተሮች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ባለ 35 ዋት አምፖል ነው። ደካማ ነው የምንለው ግን ብዙ ጊዜ አምፖሉ ስላረጀ፣ መስታወቱ ወይም ፕላስቲኩ በአቧራ ስለተቦረሸና ስለቢጫ፣ ወይም የሽቦው መያያዣ ዝጎ ኤሌክትሪኩ በደንብ ስለማይደርስ ነው። የዚህ ዓይነት አምፖል የሚያገኘው ቮልት በአሥር በመቶ ብቻ ቢወርድ ብርሃኑ ሲሶ ያህል ይቀንሳል። መያያዣዎቹን በአሸዋ ወረቀት ፍቀህ፣ ወደ ሞተሩ አካል የሚሄደውን ሽቦ አጥብቀህ፣ አዲስ ተመሳሳይ አምፖል ብታስገባ “ይሄ ሞተር እንዲህ ነበር እንዴ?” ትላለህ። ቢጫውን ፕላስቲክ በጥርስ ሳሙና አሽተው ሲያጠሩት አይቻለሁ፤ ለጊዜው ይረዳል።

እሺ፣ ይህ ሁሉ ተደርጎም አልበቃህም፣ ነጩን ገዛህ። አሁን የመብራቱን ሆድ ዕቃ ማወቅ አለብህ። የድሮው አምፖል ውስጥ ሁለት ቀጫጭን የሽቦ ክሮች አሉ፤ አንዱ ለረጅም መብራት፣ አንዱ ለአጭር። ከአጭሩ ክር ሥር እንደ ማንኪያ ጎድጎድ ያለች ትንሽ የብረት ጋሻ አለች። የጋሻዋ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ከፊት የሚመጣው ሰው ዓይን ላይ ይወጣ የነበረውን ብርሃን መከልከል። ከጀርባ ያለው የሚያብረቀርቅ ሳህን ቅርጹ የተሠራው ክሮቹ በትክክል የት እንደሚቀመጡ ታውቆ ነው፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ብርሃኑ ቦታውን ይስታል።

በርካሹ ኤልኢዲ ውስጥ ብርሃኑ የሚወጣው ከክር ሳይሆን ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፉ ነጠብጣቦች ነው። ብዙ ጊዜ ቦታቸው ከክሩ ቦታ ጋር አይገጥምም፤ ጋሻዋም ወይ የለችም ወይ ለስም ነው ያለችው። ስለዚህ ብርሃኑ ይበተናል፤ ወደ ዛፉ፣ ወደ ሰማዩ፣ ወደ ሰው ፊት። ነጂው ከፊቱ ሁሉም ነገር ነጭ ሆኖ ሲያይ ብዙ ያየ ይመስለዋል። ከጎማው ፊት ያለው አሥር ሜትር እንደ ቀን ይበራል፤ የሚያስፈልገው 50ኛው ሜትር ግን እንደ ድሮው ነው፣ አንዳንዴም ይብሳል። አቧራ ሲነሳ ወይም ሶዶ አካባቢ ከዳሞታ ጭጋግ ሲወርድ ደግሞ ወደ ላይ የተበተነው ብርሃን ተመልሶ የሚያርፈው በራሱ በነጂው ዓይን ላይ ነው።

ኤልኢዲ ሳይሆን ትልቅ የመኪና አምፖል የሚያስገቡም አሉ፤ ባለ 60 ዋቱን። በዚህ ላይ አልቆይም። 35 ዋት ከ12 ቮልት ላይ ሦስት አምፔር ያህል ይስባል፤ 60 ዋት አምስት ይስባል። ሽቦውም ማብሪያውም የተሠሩት ለሦስቱ ነው። ይሞቃሉ፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ አንድ ሌሊት ዳገት መሃል ላይ ድርግም ይላል።

ወደ ሰዎቹ ልምጣ። እኛ ጋ አንድ አባት አሉ። አዳር ጸሎት አያመልጣቸውም፤ የሚመጡትም የሚመለሱትም በእግራቸው ነው፣ ትንሽ የእጅ ባትሪ ይዘው። አንድ ሌሊት ስንወጣ “አባባ፣ ላድርስዎት” ብላቸው “ሞተር ወገቤን ያመኛል ልጄ” አሉኝና ሞተሩን እየገፋሁ አብሬያቸው ሄድኩ። ከፊት ነጭ መብራት መጣ። አባባ ባትሪያቸውን አጠፉና ቆሙ። ሞተሩ አለፈን። አሁንም ቆመዋል።

“አልፏል እኮ አባባ።”

“አውቃለሁ። ሲመጣ እቆማለሁ፣ ካለፈ በኋላም እቆማለሁ። ይበልጥ የሚከብደው የኋለኛው ነው።”

“ለምን?”

“ከሱ በፊት መንገዱ ትንሽ ትንሽ ይታየኝ ነበራ።”

ዓይናችን እንዲህ ነው የተፈጠረው። ጨለማን ሙሉ በሙሉ ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ኃይለኛ ብርሃን ግን የለመደውን በቅጽበት ይወስድበታል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ መልሶ መልመዱ ይዘገያል፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ብርሃንም ከቢጫው ይልቅ ይወጋል። አንተ በሦስት ሰከንድ ያለፍከው ሰው ከኋላህ በቦይ ጠርዝ ላይ ቆሞ ዓይኑን እየጠበቀ ነው። አንተ ይህንን አታይም፤ መስታወትህ ውስጥ እንኳ አታየውም፤ ምክንያቱም ከኋላህ ጨለማ ነው።

በቀን የማይታወቅ ሌላም ነገር አለ። ሁለት ሞተሮች ፊት ለፊት ሲገናኙና ሁለቱም ሲያበሩ፣ በመካከላቸው መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ለሁለቱም ሊጠፋ ይችላል። ብርሃኑ ሞልቶ ሰውየው ግን የለም። ከገበያ ዘግይታ ስኳር ድንችዋን ተሸክማ የምትመለስ እናት ብርሃን ስለበዛ ይበልጥ የታየች ይመስላታል፤ “አይቶኛል” ብላ ትሻገራለች።

መንገዱ ደግሞ ከእኛ በፊት የእግረኛ ነበር። በ1920 ዓ.ም የውጭ መልእክተኞች ወንጌልን ይዘው ወላይታ ከደረሱ በኋላ ባሉት ዓመታት ቃሉን ከመንደር መንደር ያደረሱት የአገራችን ወንጌላውያን በእግራቸው የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ። ያ አባት ዛሬ ቦይ ጠርዝ ላይ የሚቆሙት እነዚያ ሰዎች በሄዱበት ዓይነት መንገድ ላይ ነው።

መዝሙረኛው ቃሉን ከመብራት ጋር ሲያመሳስለው መብራቱ የሚያርፈው የት ላይ እንደሆነ ልብ ብለሃል? እግር ላይና መንገድ ላይ ነው። ይህንን ያነበብኩት ብዙ ጊዜ ነው፤ እንደ አጭር መብራት ያሰብኩት ግን ካቻቪቴ ይዤ ከግድግዳ ፊት ለፊት ከቆምኩ ወዲህ ነው።

ግድግዳው ይህ ነው። መብራት ያስገጠመልህ ልጅ ብሎኑን አስሮ “ጨርሻለሁ” ቢልህ ሥራው ገና ግማሽ ላይ ነው። ሞተርህን ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ከግድግዳ አሥር ሜትር ርቀህ አቁም። የጎማህ አየር ልክ ይሁን። አንተ ላይ ተቀመጥ፤ ብዙ ጊዜ ሰው የምትጭን ከሆነ ጓደኛህም ከኋላህ ይቀመጥ። ይህን አትዝለለው፤ ከኋላ ሰው ሲቀመጥ የሞተሩ አፍንጫ ቀና ይላልና። መብራቱ አንድ ዲግሪ ብቻ ቀና ቢል ግድግዳው ላይ 17 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ 50 ሜትር ላይ ደግሞ ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ጉልበት ላይ ያርፍ የነበረው ፊት ላይ ወጣ ማለት ነው። ሁለት ሰው የምንጭነው ስንሆን ደግሞ አስበው።

የመብራቱን መካከል ከፍታ ከመሬት ለክተህ ያንኑ ልክ ግድግዳው ላይ በጠመኔ አስምር። አጭሩን አብራ። የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከመስመሩ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል ድረስ መብራቱን አዘንብለው። ጠርዝ የሚባል ነገር ከሌለው፣ ብርሃኑ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ከቀባው፣ ያ አምፖል ለዚያ ሳህን አልተሠራም፤ ብታዘነብለውም አይስተካከልም። አውጥተህ መልሰው።

ጠርዝ ካለው ደግሞ ወደየት እንደሚያዘነብል እይ። አንዳንዱ መብራት አጭሩ ላይ አንድ ጎኑ ከፍ ይላል፤ የመንገዱን ዳርና እግረኛውን ለማሳየት ነው። አገራችን ከ1956 ዓ.ም ጀምሮ በቀኝ ትነዳለች፤ ህንድ ግን እስከ ዛሬ በግራ ነው። ለግራ የተሠራ መብራት እኛ መንገድ ላይ ሲመጣ ከፍ የሚለው ጎኑ በቀጥታ ወደ መጪው ሰው ነው። ግድግዳህ ላይ የግራው ጎን ከፍ ብሎ ካየህ ሻጩን ለቀኝ መንገድ የሚሆን ጠይቀው።

ከዚህ በኋላ የቀረው የአውራ ጣትህ ጉዳይ ነው። መንጃ ፈቃድ ስናወጣ ከፊት መኪና ሲመጣ አጭር አድርጉ ተብለን ተምረናል። ለእግረኛ ግን ጣታችን አይንቀሳቀስም፤ እሱ መልሶ ሊያበራብን ስለማይችል ይመስለኛል። በባትሪ ብልጭ ያለ ካየህ አጭር አድርግ፤ ፍጥነትህንም ቀንስ።

አንድ ማታ ጓደኛህን ይዘህ ወደ ጨለማ ቦታ ውጣ። ጓደኛህ ሞተሩ ላይ ተቀምጦ አጭሩን ያብራ፤ አንተ 50 እርምጃ ርቀህ በመንገዱ ዳር ወደ እሱ እየተራመድክ ና፣ ያለ ባትሪ። እጅህን ግንባርህ ላይ ሳትጋርድ የረገጥከውን መሬት ማየት ከቻልክ፣ ሞተሩን አልፈህ ሌላ ጥቂት እርምጃ ሂድ። እዚያም መንገዱ ከታየህ ተመለስና ብሎኑን አጥብቀው።