በአነጋገሯ እንጀራ የበላች ሴት

ሰው አፉን ሲከፍት አገሩ ይታወቃል። እኔም አገሬ በአንደበቴ የታወቀብኝ ሰው ነኝና ዛሬ የማጫውታችሁ ስለዚሁ ነገር ነው።

በወጣትነቴ ቴአትር እጫወታለሁ ብዬ ከወልድያ ተነሣሁና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተጉዤ አዲስ አበባ ገባሁ። ተጫዋቾች ከሚመርጥ አንድ ቡድን ፊት ቀርቤ ገና ሦስት መስመር እንዳነበብሁ ከመራጮቹ አንዱ፦ «እኅቴ፤ እመቤት ልትሆኚ ነው የመጣሽው ወይስ ቅቤ ልትሸጪ?» አለኝ። ሁሉም ሣቁ። እኔም አብሬ ሣቅሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ የእነርሱ ሣቅ ሳይሆን የእኔ አብሮ መሣቅ ነው። በማግሥቱ ወደ አገሬ ተመለስሁ፤ መምህርት ሆንሁ፤ የተማሪዎችንም የቴአትር ክበብ እመራ ጀመር።

አሁን የምነግራችሁ ደግሞ የራሴን ጥፋት ነው። አምና ከመርሳ ወዲህ ካለ የሀብሩ ገጠር የመጣች አንዲት ልጅ በክበባችን የአያትን ድርሻ ያዘች። ልጅቱ ስትናገር እውነተኛ አያት ትመስል ነበር። እኔ ግን በየቃሉ እያስቆምሁ «እንዲህ አይባልም፤ አዲስ አበባ ቢሰሙሽ ይሥቁብሻል» እላት ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ ልምምዱ መምጣቷን ተወች። ምክንያቱን አልጠየቅኋትም፤ አውቀው ነበርና።

ታዲያ በክረምቱ ዝናቡ ከቤት ቢያውለኝ በስልኬ አንድ የድሮ የአሜሪካ ፊልም ከፍቼ አየሁ። አንዲት ሰውነቷ ያነሰ አሮጊት ብቅ ብላ፣ ጥቂት ቃል በዝግታ ተናግራ፣ ከዋናዎቹ ተጫዋቾች ሁሉ በልጣ ሄደች። ማን እንደ ሆነች ለማወቅ ታሪኳን ፈልጌ አነበብሁ። ዘመኑን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፍላችኋለሁ።

ይህች ሴት ማሪያ ኡስፔንስካያ ትባላለች። በ1876 ቱላ በምትባል የሩሲያ ከተማ ተወለደች፤ በሞስኮ የኪነ ጥበብ ቴአትርም በታላቁ መምህር በስታኒስላቭስኪ ሥር ሠራች። በ1923 ከቡድኑ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገረች፤ በ1924 ጓደኞቿ ሲመለሱ እርሷ በኒው ዮርክ ቀረች። ዕድሜዋ ወደ 50 ተጠግቶ፣ ቋንቋውም የባዕድ ሆኖባት ሳለ፣ የቴአትርን ጥበብ ለአሜሪካውያን ታስተምር ጀመር፤ በ1929ም የራሷን ትምህርት ቤት አቋቋመች።

በዚያን ዘመን የባዕድ አነጋገር ቀላል ሸክም አልነበረም። ሲኒማው ድምፅ በሌለው ጊዜ ስለ አንደበት የሚጨነቅ ሰው አልነበረም፤ ከ1927 በኋላ ግን ፊልሙ መናገር ሲጀምር ከባሕር ማዶ የመጡ ብዙ ተጫዋቾች ተቸገሩ። የመጀመሪያውን የኦስካር ሽልማት በወንዶች በኩል የተቀበለው ኤሚል ያኒንግስ እንኳ፣ እንግሊዝኛው ጀርመንኛ ስለተጫነው በ1929 ወደ አገሩ ተመለሰ።

ኡስፔንስካያ ወደ ሆሊዉድ የመጣችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ60 ዓመቷ፣ በ1936፣ «ዶድስዎርዝ» በተባለው ፊልም ልጇን ልታገባ ያሰበችን ሴት በዝግታ የምታሰናብት እናት ሆና ታየች። የታየችው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ነገር ግን ለረዳት ተዋንያን የኦስካር ሽልማት በተጀመረበት በዚያው ዓመት ከታጩት ሴቶች አንዷ ሆነች። በ1939 አያት ሆና በተጫወተችበት ፊልም ሁለተኛ ጊዜ ታጨች። ያን ጊዜ ያሸነፈችው ሃቲ ማክዳንኤል ናት፤ ኦስካር በመሸለም ከጥቁሮች የመጀመሪያዋ እርሷ ናት።

አሠሪዎቿ ፍጹም ፍትሐዊ ነበሩ አልላችሁም። እንግዳ አንደበት ሁሉ ለእነርሱ አንድ ነበርና ሩሲያዊቷን ሴት አንድ ጊዜ የቪየና ባላባት፣ አንድ ጊዜ የሕንድ ንግሥት፣ በ1941 ደግሞ የተኩላውን ሰው ዕጣ የምታውቅ ተንከራታች አሮጊት አደረጓት። ዋናውን ድርሻ አልሰጧትም። እርሷ ግን የተሰጣትን ትንሽ ድርሻ በራሷ አንደበት ትልቅ አደረገችው። በ1949 በ73 ዓመቷ ሞተች።

ሩቅ ሳንሄድ የእኛዋን አስናቀች ወርቁን እናስብ። ቀድሞ በመድረካችን የሴትን ድርሻ ወንዶች ይጫወቱ ነበር፤ ያን ልማድ ከሰበሩት ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ እርሷ ናት። በእኛ አቆጣጠር በ2004 ዓ/ም እስካረፈች ድረስ የታወቀችው በራሷ ድምፅና በራሷ ክራር እንጂ የሌላ ሰው በመምሰል አይደለም።

ይህን ሁሉ ካሰብሁ በኋላ፣ ትምህርት ሊከፈት ሲል፣ በማክሰኞ ገበያ ልጅቱን ከእናቷ ጋር የፍራፍሬ እንቅብ ከፊቷ አድርጋ አገኘኋት። ይቅርታ መጠየቅ ለመምህር ከባድ ነው፤ ቢሆንም ጠየቅኋት። «አያቲቱ እስካሁን ሰው አላገኘችም፤ ተመለሽ» አልኋት። ዝቅ ብላ ብርቱካኖቹን እያስተካከለች፦

«በየትኛው አነጋገር ነው የምጫወተው፣ እትዬ?» አለችኝ።

«በአያትሽ» አልኋት።

እናቷ ሣቀች። ልጅቱ መልስ አልሰጠችኝም፤ በሐሙስ ልምምድ ግን ከሁሉ ቀድማ ተገኘች።

እንግዲህ አንባቢዎቼ ሆይ፤ ልጆቻችሁን ቋንቋ አስተምሩ፤ ፊደሉን አጥርተው ያንብቡ፤ የከተማውንም አነጋገር ይወቁ። ነገር ግን ከእናታቸው የወረሱትን ለዛ እንዲያፍሩበት አታድርጉ። አንድ ቀን እንጀራቸው ሊሆን ይችላል።