የኋለኛው ጠባቂ

ሰው ከአርባ ዓመት በላይ ሲሆነው ማስተማር እንጂ መማር ያለፈበት ይመስለዋል። እኛም እንዲሁ ይመስለን ነበር። በልጅነታችን ጧት ከየኔታ ዘንድ ዜማ፣ ከሰዓት በኋላ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብና ጂኦግራፊ እየተማርን አድገናል፤ የድቁና ማዕርግም ተቀብለናል፤ በኋላም በባሕር ዳር የመምህርነትን ሞያ ተምረን እነሆ ሃያ ዓመት ያህል በጠመኔ አቧራ ውስጥ ኖረናል። ስለዚህ ከእንግዲህ ወዲህ የእኛ ድርሻ ከሰሌዳ ፊት መቆም ብቻ ነው ብለን ነበር። ነገር ግን ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር፣ በ46 ዓመት ዕድሜያችን፣ በለገጣፎ ከብስክሌተኞች ማኅበር ገብተን እንደ ፊደል ቆጣሪ ሕፃን እንደ ገና ተማሪ ሆንን። በዚያም የተማርነው ነገር ከብስክሌቱ አልፎ እስከ ክፍላችን ድረስ ተከትሎን ስለ መጣ፣ ለአንባብያን ብንነግር አይከፋም ብለን አሰብን።

ነገሩ የተጀመረው ከሐኪም ቤት ነው። ሐኪሙ የደማችንን ምርመራ ውጤት ተመልክቶ፣ «መምህር፣ ስኳሩ ከድንበሩ ላይ ቆሟል። መድኃኒት ከመጀመርዎ በፊት ግን አንድ ዕድል አለዎት፤ ሰውነትዎን ያንቀሳቅሱ» አለን። ሩጫ እንዳንል ጉልበታችን አይፈቅድም። ብስክሌትን ግን በባሕር ዳር እንደ ማንኛውም ተማሪ ተለማምደን ነበር። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ መንገዷ በዘንባባ የተጋረደ ነው፤ ሠራተኛውም ተማሪውም ብስክሌት ይዞ ይውል ነበር። ስለዚህ የዕቁባችን ዕጣ በወጣ ጊዜ ያገለገለ ብስክሌት ገዝተን ወደ ቤት አስገባን።

እናታችን ብስክሌቱን ከበሩ ተደግፎ ባዩት ጊዜ፣ «ልጄ፣ በቅሎ ብትገዛ ምን አለበት? በቅሎ እንኳ ገደል ስታይ ትቆማለች» አሉ። ባለቤታችን ደግሞ ስቃ ስታበቃ፣ «ተማሪዎችህ በመንገድ ቢያዩህ ምን ትላቸዋለህ?» ስትል ጠየቀችን። መልስ አልነበረንም። እውነቱን ለመናገር ከመኪናው ይልቅ የምንፈራው ይህንኑ ነበር። መምህር መውደቁን ሳይሆን ሲወድቅ መታየቱን ይፈራልና።

ማኅበሩ የሚሰበሰበው ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ጎሚስታ ቤት ፊት ለፊት ነው። አባላቱ ሃያ ያህል ይሆናሉ፤ ከእነርሱም ውስጥ ነጋዴ፣ ሹፌር፣ ተማሪና የመንግሥት ሠራተኛ ይገኛል። መሪያቸው አንዲት የባንክ ሠራተኛ ወጣት ናት። ስማችንን ከመዝገቡ ባስገባች ጊዜ ረዥሙ ጉዞ እሑድ ጧት በ12 ሰዓት እንደሚደረግ ነገረችን፤ በእሑድ መንገዱ ከመኪና ጋብ ይላልና። እኛም፣ «ልጄ፣ እሑድ በዚያ ሰዓት ያለነው ከቅዳሴ ነው፤ እንግዲህ ዕድላችን አልገጠመም» ብለን መዝገቡን ልንመልስላት ስንል፣ «ቆይ መምህር፣ ይህን ያነሡት እርስዎ ብቻ አይደሉም» አለችን። ለካ ከአባላቱ ብዙዎቹ በየሃይማኖታቸው ምክንያት ይህንኑ ጠይቀው ኖሯል። በዚያ ሳምንት ተመክሮ ጉዞው ወደ ቅዳሜ ተዛወረ። የማኅበር መልካምነት አንዱ ይህ እንደ ሆነ ያን ጊዜ አስተዋልን፤ አንድ ሰው ሊሰናበት የቆመበትን ምክንያት ለሌላው ቢነግረው፣ ያው ምክንያት የብዙ ሰው ሆኖ ይገኛል።

የመጀመሪያው ጉዞ አጭር ነበር። ወደ ለገዳዲ ወጥቶ መመለስ ብቻ ነው። ለገጣፎም ለገዳዲም በኦሮምኛ ስማቸውን ያገኙት ከወንዝ ነው፤ «ለገ» ማለት ወንዝ ነውና። የለገዳዲ ግድብም ለአዲስ አበባ ሕዝብ ጊዜ የቆየ የመጠጥ ውኃ ምንጭ ነው። ይህን ሁሉ ለተማሪዎቻችን ስናስተምር ኖረናል፤ ነገር ግን አገሩ ምን ያህል ዐቀበት እንደ ሆነ ያወቅነው በዚያ ቀን ነው። ከመኪና ውስጥ ሆኖ ሜዳ የሚመስለው መንገድ በብስክሌት ሲኬድ ዐቀበት ሆኖ ይገኛል። ሥፍራው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ስለ ሆነ፣ አንድ ጊዜ ስንተነፍስ የምናገኘው አየር በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ይህንም በሰሌዳ ላይ ጽፈነው እናውቃለን፤ ሳንባችን ግን ገና አላነበበውም ነበር።

በዚህ ላይ ጥብቅ ልብስ መልበስ ነውር መስሎን በሰፊ ሱሪያችን ነበር የሄድነው። ከዐቀበቱ መካከል ሰንሰለቱ የሱሪያችንን ጫፍ ነክሶ ያዘውና፣ ብስክሌቱም እኛም በአንድነት ከመንገዱ ዳር ካለው ሣር ላይ ተጋደምን። ጉዳት አልደረሰብንም። ነገር ግን ስንነሣ ሁለት ልጆች ከአጥር ሥር ቆመው አየን፤ አንደኛው ተማሪያችን ነው። ልጁ አልሳቀም። እጅ ነሥቶ፣ «መምህር፣ እግዚአብሔር ያትርፍዎ» አለንና ብስክሌቱን አነሣልን። ያን ያህል የፈራነው ነገር እንዲህ ሆኖ አለፈ።

ከጉዞው በኋላ በጎሚስታው ቤት ደጃፍ ሻይ ስንጠጣ ስለ አገራችን ብስክሌተኞች ጨዋታ ተነሣ። እኛ ታሪክ አስተማሪ ነንና ድርሻችንን አዋጣን። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን በተደረገው ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትካፈል የላከችው ሯጮችን ብቻ አልነበረም፤ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞችም አብረው ሄደው ነበር። ይህ ማለት አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ ስማችንን ከማስጠራቱ በፊት ብስክሌተኞቻችን ከዓለም ፊት ቀርበዋል ማለት ነው። ወጣቶቹም በተራቸው በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ ውድድር ከኢትዮጵያውያን መጀመሪያ ስለ ተካፈለው ስለ ጽጋቡ ግርማይ ነገሩን። እኛም በዚያ ውድድር አንድ ቡድን ውስጥ ያሉት ሁሉ ለማሸነፍ እንደማይጋልቡ፣ ብዙዎቹ ውኃ በማቀበልና ነፋስ በመከለል ለአንዱ እንደሚደክሙ ያን ጊዜ ሰማን።

የነፋሱን ነገር የተረዳነው በሁለተኛው ቅዳሜ ነው። የጥቅምት ነፋስ ከምሥራቅ ፊት ለፊት ሲመጣ ብቻውን የሚጋልብ ሰው ግድግዳ እንደሚገፋ ይሆናል። ከፊቱ ሌላ ብስክሌተኛ ሲኖር ግን የፊተኛው ነፋሱን ስለሚሰብርለት የኋለኛው ድካም በፍጥነት ጉዞ ላይ እስከ ሲሶ ድረስ ይቀልለታል። ስለዚህ ፊት መሆን ሹመት ሳይሆን ሸክም ነው። መሪው ጥቂት ደቂቃ ነፋሱን ተሸክሞ ከቆየ በኋላ ወደ ጎን ወጥቶ ከሰልፉ መጨረሻ ይገባል፤ ሁለተኛው መሪ ይሆናል። ፊተኛው ጉድጓድ ሲያይ በእጁ እያመለከተ «ጉድጓድ!» ይላል፤ ተከታዩም ተቀብሎ ለኋለኛው ያሰማል። ወደ ደብረ ብርሃን የሚያልፉ ከባድ የጭነት መኪናዎች በአጠገብ ሲያልፉ ሰልፉ አንድ መስመር ይሆናል። ማንም ሳይናገር ፍሬን አይዝም፤ የአንዱ ድንገተኛ መቆም የብዙዎች መውደቅ ነውና።

ይህን ሥርዐት ባየን ጊዜ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ነገር መስሎ ታየን። በማኅሌት ሌሊት ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ይሰለፋሉ፤ የቀኙ ወገን ሲመራ የግራው ያርፋል፤ የግራው ሲቀበል የቀኙ ትንፋሹን ይሰበስባል። ሌሊቱ የሚነጋው በአንድ ብርቱ ጉሮሮ አይደለም፤ በመቀባበል ነው። ወራቱ ወርኃ ጽጌ ስለ ነበረ ቅዳሜ ጧት ከብስክሌተኞች ጋር፣ ቅዳሜ ሌሊት ከማኅሌቱ እንገኝ ነበር። በዚያ ሌሊት ጭናችን እንደ እሳት እየነደደን ቆመን ሳለ፣ አባቶች መቋሚያን ለምን እንደ ሠሩት በሚገባ ገባን።

ሦስተኛው ጉዞ ወደ ሰንዳፋ ነበር። ከለገጣፎ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ መመለሻው ሲጨመር አርባ ነው። በየኪሳችን ቆሎ፣ በየኮዳችን በሶ ይዘን ተነሣን። ግራና ቀኙ የስንዴና የጤፍ ማሳ ነው፤ ጤዛው ገና አልረገፈም። ለገዳዲ እስክናልፍ ድረስ ከሰልፉ አልተለየንም። ከዚያ ወዲያ ግን ጉልበታችን ከዳን። በፊታችን ባለው ጎማና በእኛ መካከል መጀመሪያ አንድ ክንድ፣ ቀጥሎም አሥር ክንድ ክፍተት ሆነ። ከነፋሱ ጥላ አንድ ጊዜ ከወጡ በኋላ መመለስ እንዴት ያለ ጭንቅ ነው! በሰልፉ ውስጥ ሳለን የምንችለው ፍጥነት ለብቻችን ስንሆን የማንችለው ሆነ። የደከመው ሰው ነፋሱን ሁሉ ብቻውን ይቀበላል፤ ስለ ተቀበለም ይበልጡን ይደክማል። በመጨረሻም ባልንጀሮቻችን ከጉብታው ማዶ ተሰወሩ፤ እኛም ወደ ቤት ለመመለስ ቆረጥን።

ዞር ስንል አንድ ወጣት ከኋላችን ቆሞ አየን። ሞያው ብስክሌት መጠገን ነው። ከሁሉ ይልቅ ብርቱ መሆኑን እናውቅ ነበርና፣ «ልጄ፣ አንተ ደግሞ ምን አስቀረህ?» አልነው። «እኔ ዛሬ የኋላ ጠባቂ ነኝ፤ የመጨረሻው ሰው ሳይገባ እኔ አልገባም» አለ። ለካ በማኅበሩ ሕግ ፊት የሚሄድ መሪ እንደሚመደብ ሁሉ ከኋላ የሚሄድ ጠባቂም ይመደባል፤ ለዚህም የሚመረጠው ከብርቱዎቹ ነው። ደካማ ሰው ደካማን ሊጠብቅ አይችልምና።

ወጣቱ ከፊታችን ገብቶ ነፋሱን እየከለለ፣ ማርሹን እንድናቀል እየመከረ፣ ቀስ ብሎ ይመራን ጀመር። ትንፋሻችን ሲመለስ ጨዋታ ጀመርን። እስከ ስንተኛ ክፍል እንደ ተማረ ጠየቅነው፤ የመምህር ነገር ከዚህ አያልፍም። «ከሰባተኛ ነው ያቋረጥኩት፣ መምህር» አለ። ምክንያቱን ስንጠይቀው፣ «ታምሜ አንድ ወር ቀረሁ። ስመለስ ትምህርቱ ርቆ ሄዶ ነበር። የጠበቀኝ ሰው አልነበረም» አለን። በቁጣ አልተናገረውም፤ ስለ አየሩ ጠባይ እንደሚናገር ሰው ነበር የተናገረው። ከዚያም ወዲያው፣ «ከፊትዎ ጉድጓድ አለ» ብሎ በእጁ አመለከተን።

እኛ ይህን ልጅ አላስተማርነውም፤ ትምህርት ቤቱንም አናውቀውም። ነገር ግን በዚያች ሰዓት በጠረጴዛችን መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠች አንዲት ደብዳቤ ትዝ አለችን። ለአንድ ተማሪያችን እናት የጻፍናት ናት። ልጁ ከክፍሉ እኩል መሄድ ስለ አልቻለ ወደ ታችኛው ክፍል ዝቅ ቢል እንደሚሻል የምታስረዳ፣ በመልካም አማርኛ የተጻፈች፣ ሰኞ ልትላክ የተዘጋጀች ደብዳቤ ነበረች። ስንጽፋት ትክክል እንደ ሆንን አልተጠራጠርንም። ሃያ ዓመት ሙሉ የመምህር ተግባር ፊት ሆኖ መምራት እንደ ሆነ እናምን ነበር፤ በፍጥነት የተከተሉንን እያመሰገንን፣ የቀሩትን ሰነፎች እያልን ኖረናል። ወደ ኋላ ዞሮ ከመጨረሻው ልጅ ጋር የሚሄድ ብርቱ ሰው ከክፍሉ አንድ ቀን እንኳ መድበን አናውቅም።

ሰንዳፋ ስንደርስ ባልንጀሮቻችን ሻይ አዝዘው ይጠብቁን ነበር። መሪዪቱ ሰዓቷን አላየችም። «መምህር ገቡ፤ እንግዲህ ሁላችንም ደረስን» አለች። ይህችን ቃል ልብ አድርገን ሰማናት። ሁላችንም ደረስን የተባለው ፊተኛው በደረሰ ጊዜ ሳይሆን እኛ በደረስን ጊዜ ነው።

ሰኞ ጧት ደብዳቤዋን ቀደድናት። በእርስዋም ፈንታ ልጁን ጠርተን በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ግማሽ ሰዓት አብረን ለመቀመጥ ተስማማን። ከክፍሉም ብርቱ ብርቱ የሆኑትን መርጠን በየሳምንቱ በተራ የኋላ ጠባቂ እንዲሆኑ መደብን። መጀመሪያ ቅጣት መስሎአቸው አጉረመረሙ፤ በኋላ ግን ለሌላው ሲያስረዱ ራሳቸው ይበልጥ እንደሚገባቸው አስተዋሉ።

ሐኪሙ በቅርቡ ደማችንን መርምሮ ስኳሩ ጥቂት ዝቅ ማለቱን ነግሮናል፤ ብስክሌቱን እንዳንተው አጥብቆ አዝዞናል። እናታችንም በቅሎውን ረስተዋል፤ ቅዳሜ ጧት በሶውን የሚበጠብጡልን እርሳቸው ናቸው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፣ ዛሬ ከለገዳዲ ማዶ ያለውን ዐቀበት ሳንወርድ እንወጣዋለን፤ ከሰልፉ ግን አሁንም እንቀራለን።

ልጁም ገና ከፊተኞቹ አልደረሰም። ነገር ግን በመንገድ ላይ ነው፤ ከኋላውም ሰው አለ።