ሱቅ በር ጥግ የቆመችው መቋሚያ

ገብር ኄር፣ የዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ፣ በመጣ ቁጥር ልቤን ይረብሸኛል። ወንጌሉ የመክሊቱ ነው፤ አምስት የተቀበለው አተረፈ፣ ሁለት የተቀበለውም አተረፈ፣ አንድ የተቀበለው ምድር ቆፍሮ ቀበረ። ያ ሰው እኮ አልሰረቀም፤ የጌታውንም ገንዘብ አላጠፋም። እኔም ብዙ ዘመን የተጽናናሁት በዚህ ነበር፤ ማንን በደልኩ እያልኩ።

ለምድ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቼ ከወገራ ጎንደር በዓታ የመጣሁት አቋቋም ልማር ነው። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለን ያገኘናትን ቁራሽ ቀምሰን፣ ሌሊት ያለ መብራት በቃል እናጠና ነበር። እኔ ቀለም አይጠፋብኝም ነበር። አንዴ የሰማሁት ዜማ ከነዝማሜው፣ ከመቋሚያው እንቅስቃሴ ጋር፣ ያድርብኝ ነበር። የኔታ ሲደክማቸው ታናናሾቼን የማስጠናውም እኔ ነበርኩ። ሳላስመሰክር ወጣሁ። ያባረረኝ የለም፤ ገንዘብ ቀመስኩ፣ ጣፈጠኝ።

ዘንድሮ በገብር ኄር ሌሊት ማኅሌቱ ላይ ከኋላ ቆምኩ። በጾሙ ከበሮና ጸናጽል ስለማይነካ የሚሰማው የሊቃውንቱ ድምፅና መቋሚያው ወለሉን ሲነካ ብቻ ነው። አጠገቤ አንድ ልጅ አለ፤ መቋሚያው ከቁመቱ ይበልጣል። ዝማሜው ጠፋበትና ቀና ብሎ አየኝ።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ ወዴት ነው?»

እጄን አነሳሁ፤ የሚሄድበትን አላወቀም። ልጁ ትንሽ ጠበቀኝ፤ ከዚያ ፊቱን መለሰና የሌሎቹን እጅ ይከተል ጀመር።

አለቃ ገብረ ሐናን ሰው የሚያነሣቸው በቀልዳቸው ነው። እኛ የአቋቋም ተማሪዎች ግን የምናውቃቸው በዝማሜያቸው ነው። የደረሱት ዝማሜ ዛሬ የሚጠራው በእሳቸው ስም አይደለም፤ ተቀብሎ ባስተማረው በልጃቸው ስም «ተክሌ» ይባላል። ልጃቸው ባይቀበል፣ ተቀብሎም ዝም ቢል ኖሮ አብሯቸው መቃብር ይወርድ ነበር። እኔ የቀበርኩት የራሴን ድርሻ መስሎኝ ኖሬአለሁ። የዚያ ማኅሌት ላይ የጠየቀኝ ልጅ ድርሻ ነበር።

መቋሚያዬ አልጠፋችም። ሱቄ በር ጥግ ቆማለች፤ ማታ ማታ የብረቱን መዝጊያ ስቤ የማወርደው በእሷ ነው። ራሷ በብረቱ ተፍቆ ተልጧል። ያን ዕለት አመሻሽ መዝጊያውን በእጄ ሳብኩና እሷን ይዤ የኔታ ደጅ ሄድኩ። ዓይናቸው ፈዟል፤ በድምፄ ለዩኝ።

«ሁሉም ጠፍቶኛል፣ የኔታ» አልኳቸው።

«የት ላይ ነበርን፣ ልጄ?» አሉኝ።