የላሊበላ የድንጋይ ቤቶች

ዛሬ ከመርሳ ተነሥተን ላሊበላ እንደርሳለን። መርሳ የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት። ከመርሳ በአስፋልቱ ወደ ሰሜን ስንሄድ ወልድያን እናገኛለን። ከወልድያ ወደ ምዕራብ ዞረን ዳገቱን እንወጣለን። በሀብሩ ሞቆን ነበር፤ ደጋው ላይ ግን ጋቢ ያስፈልገናል። ጋሸና ስንደርስ ወደ ቀኝ እንታጠፋለን። ከዚያ ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ላሊበላ ጥንት ሮሃ ትባል ነበር። ከአለት የተፈለፈሉትን 11 አብያተ ክርስቲያናት ያልሰማ የወሎ ሰው የለም። እኛ ግን ዛሬ የምናወራችሁ ስለ ሰው መኖሪያ ቤት ነው።

በአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ክብ ክብ የድንጋይ ቤቶች አሉ። ባለ ደርብ ናቸው። ግድግዳቸው በአገሩ ቀይ ድንጋይ የተካበ ነው። ድንጋዩን ከድንጋይ የሚያያይዘው ጭቃ ነው። ጣራቸው ሣር ነው። ወደ ላይ የሚወጣው በውጭ በኩል ባለ የድንጋይ ደረጃ ነው። ብዙ ጊዜ ከብቱ ከታች፣ ሰው ከላይ ያድር ነበር። አገሩ ተዳፋት ነው፤ ሜዳ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ደርቡ ቦታ ይቆጥባል። የከብቱ ሙቀትም ላይኛውን ቤት ያሞቃል።

እነዚህን ቤቶች የሠሩ ሰዎች ስም በመጽሐፍ አልተጻፈም። ሆኖም ላሊበላ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። መዝጋቢው ዩኔስኮ ስለ ላሊበላ ሲጽፍ ቤቶቹንም ያነሣል፤ «የላስታ ቱኩል» ይላቸዋል።

ታዲያ ቤት የሚቆመው ሰው ሲኖርበት ነው። ይህን ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። እሳት የሚነድበት ቤት ጢሱ ሣሩን ከነቀዝ ይጠብቀዋል። ሰው የለቀቀው ቤት ግን ሣሩ ይበሰብሳል። ዝናብ ወደ ጭቃው ይገባል። ጭቃው ሲርስ ድንጋዩ ይላቀቃል፤ ግድግዳው ይናዳል። በላሊበላም በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። ስለዚህ የቀሩትን ቤቶች ጣራቸውን በየጊዜው መክደን፣ የካቡን ሙያም ለልጅ ማስተማር ያስፈልጋል።

ታሪክ የነገሥታት ብቻ አይደለም። የእንጨትና የጭቃ ቤታችሁም ታሪክ አለው። አሁን መጻፍ ችላችኋል። ሽማግሌዎችን ጠይቁና የሚከተሉትን በደብተራችሁ ጻፉ።

1. በቀበሌያችሁ ከሁሉ የቆየው ቤት የማን ነው?
2. ማን ሠራው?
3. እንጨቱ ከየት መጣ?