የሲሬ ጥምቀትና የሜዳው ነገር

አንባቢ ሆይ! በጥር ወር ጥቂት ቀን ዕረፍት ብታገኝ ወደ አርሲ ውጣ። ከአዳማ ተነሥተህ የአሰላን መንገድ ይዘህ ዴራ ስትደርስ ወደ ምሥራቅ ብትታጠፍ ሲሬን ታገኛለህ። ወሩ የመኸሩ እህል ከአውድማ ወደ ጎተራ የሚገባበት፣ ገበሬውም ከሥራው ቀና ብሎ የሚተነፍስበት በመሆኑ ለጨዋታ ከዚህ የተመቸ ወቅት የለም።

ጥር 10 ቀን ከተራ ነው። ከቀትር በኋላ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ መንገዱ በሙሉ የጨዋታ አደባባይ ይሆናል። ካህናቱ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው በከበሮው ምት ያሸበሽባሉ። ከገጠር የመጡት ጎበዞች ዱላቸውን ሽቅብ እያነሡ በሆታ ይከተላሉ። ልጃገረዶቹም እንደ አርሲ ወግ አንገታቸውን ሲያወዛውዙ ሹሩባቸው አብሮ ይጨፍራል። በማግሥቱ ጥር 11 ቀን ውኃው ተባርኮ ሕዝቡ ከተረጨ በኋላ ደግሞ ሜዳው በየቦታው በክብ በክብ ይከፈላል።

ይህን ክብ ልብ ብለህ ተመልከተው። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ አውጪው ሲደክመው ከተቀባዮቹ አንዱ ይተካዋል። ቲኬት የሚቆርጥ፣ መጋረጃ የሚከፍት የለም። ቆሞ ሲያይ የነበረው ሰው ሳያስበው እጁን ያጨበጭባል፤ ጥቂት ቆይቶም ከመካከል ገብቶ ታገኘዋለህ።

በእስኮትላንድ አገር በኤዲንብራ ከተማ በ1939 ዓ.ም. ስምንት የቴያትር ጓዶች ሳይጋበዙ መጥተው ከታላቁ ፌስቲቫል ጎን ተጫወቱ። ዛሬ ያ ጅምር በዓለም የታወቀ በዓል ሆኖ፣ የጎዳና ተጫዋቾች ትርዒታቸውን ሲጨርሱ ባርኔጣ አዙረው ገንዘብ ይሰበስባሉ። በሲሬ ግን ባርኔጣ የሚያዞር የለም፤ ተመልካቹ ራሱ ተጫዋች ነውና ማን ለማን ይከፍላል?

ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ እርሱም ሜዳ ነው። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጥምቀትን በዓል ከሰው ልጆች የማይዳሰሱ ቅርሶች ጋራ መዘገበው። በዚያው ዓመት የኮሮና ወረርሽኝ በመግባቱ የአዲስ አበባው አትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። የጥምቀቱ ሜዳ ቲማቲምና ሽንኩርት ሲራገፍበት ከረመ። ችግር ያመጣው ነገር ስለ ነበር የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም የ2013ቱ ጥምቀት ሲቃረብ ገበያው ተነሥቶ ወጣቶች አካፋና መጥረጊያ ይዘው ሜዳውን ባያጸዱት ኖሮ፣ በመዝገብ የሰፈረው በዓል በራሱ ከተማ ማረፊያ ባጣ ነበር።

ጃንሜዳ ስሙ ገናና ስለ ሆነ ተቆርቋሪ አላጣም። ትንንሾቹ ከተሞች ግን ያላቸው ሜዳ ባዶ ቦታ ይመስላል፤ ባዶ የመሰለ ቦታ ደግሞ ሲሸነሸን የሚጮኽለት የለም። አንተ ዛሬ ተማሪ ወይም ጀማሪ ሠራተኛ ብትሆን፣ ነገ የአንዲት ከተማ ፕላን ጠረጴዛህ ላይ መቅረቡ አይቀርም። በዚያን ጊዜ ከካርታው ላይ ምንም ያልተጻፈበት ቦታ ብታይ፣ ከመፈረምህ በፊት ጥር 11 ቀን በዚያ ቦታ ምን እንደሚደረግ ሽማግሌዎቹን ጠይቅ።

እስከዚያው ግን ሲሬ በደረስህ ጊዜ ከክቡ ውጭ ቆመህ ሥዕል በማንሣት ብቻ ቀኑን አትጨርስ። ስልክህን ኪስህ ውስጥ ከተህ ግባ፤ ዱላ የሚያውስህ አታጣም።